የትእዛዙ መርፌ

ትእዛዙ የልጅ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጤና ኬላው የሚያወጣውን ዳገት ሲያያዘው ከሁሉ ቀድማ ያየችው የሺመቤት ነበረች። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ቀጥሎ ግን ወደ ግራ የሚያዘነብለውን አካሄዱን፣ ከወታደርነት ዘመኑ ጀምሮ ከላዩ ያልወረደውን ካኪ ኮት ለየችው። ትንሿ ፀጋ ጉንጯን አናቱ ላይ አስደግፋ አንድ እጇን በጆሮዋ ላይ ጭናለች። የሺመቤት ልቧ ሲመታ ተሰማት። የደስታ ምት መሆኑን ስታውቅ አላፈረችም።

ከሰቆጣ የመጡት የጆሮ ሐኪሞች መኪናቸውን ከወንዙ ማዶ ትተው፣ ዕቃቸውን በበቅሎ አስጭነው ነበር የደረሱት። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከቀትር በኋላ ወንዙ ስለሚሞላ ከዚያ በፊት መመለስ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ሲስተር መስታወት፣ ክፍሉ ውስጥ ሆና ሕፃናቱን ታያለች፤ ውጭ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር የተኮለኮሉትን እናቶች ሰልፍ አስይዛ በየተራ የምታስገባው ደግሞ የሺመቤት ናት። የሴቶች ልማት ቡድን መሪ ስለሆነች ሰዉን ሁሉ ቤት ለቤት ዞራ የጠራችው እርሷ ነበረች። የትእዛዙን ደጅ ብቻ አልፋው ሄዳለች።

ነገሩ የጀመረው ጤና ኬላው በጦርነቱ ተዘርፎ በር እንኳ ባልነበረው ጊዜ ነው። ባሏ ካሤ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ሳለ ልጃቸው ሠርካለም በትኩሳት ወደቀች። የሺመቤት ምች መስሏት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፤ ትኩሳቱ ግን እየባሰ ሄደ። ሲጨንቃት ልጇን አዝላ ትእዛዙ ዘንድ ሮጠች። ትእዛዙ በውትድርናው ድሬሰር፣ የቁስለኛ አካሚ፣ ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ መድኃኒት ከገበያ እየገዛ ሰው ይወጋል፤ የዝቋላ ወረዳ በሙሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። ጠዋት ማታ ወጋት። ትኩሳቱ ለቀቃት። የሺመቤት እጁን ስማ፣ መርቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት ሠርካለም ደጅ ተቀምጣ ሳለ ከኋላዋ ጠራቻት። ልጅቱ ዘወር አላለችም። ደግማ ጠራቻት። ከዚያ እጇ ላይ የነበረውን ድስት ድንጋይ ላይ ወረወረችው። ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ ልጅቱ ግን አፈሩን በጣቷ መጫሯን ቀጠለች።

ሰቆጣ ወስዳ ያሳየቻት ሐኪም ያ መርፌ ለሕፃን አለመጠኑ ሲሰጥ የጆሮን ነርቭ እንደሚገድል፣ የሞተውም እንደማይመለስ ነገራት። ትእዛዙ ግን ካደ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በመምሬ አሥራተ ማርያም ፊት በመድኃኔ ዓለም ማለ፤ «ጆሮዋን የደፈነው ምች ነው» አለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ካሤም ከመተማ ተመልሶ «ለፈጣሪ ስጪው» አላት።

አልሰጠችም። ጤና ኬላው ሲከፈት የቡድን መሪነቱን ለምና ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ያልረገጠችው ደጅ የለም። «ልጅሽ ስትጠሪው ይሰማል? ጆሮው ይመግላል? ቅቤ አታፍስሺበት፣ ላባ አትክተቺበት፤ አንድ ቀን ሳታሳድሪ ወደ ጤና ኬላው አምጪው» ትላለች። ሴቶቹ የተባረከች ነሽ ይሏታል። ሁሉን በፍቅር የምታደርገው ይመስላቸዋል። እርሷ ግን ታውቀዋለች፤ ወደ ጤና ኬላው የወሰደችው እያንዳንዱ ሕፃን ከትእዛዙ ደጅ የነጠቀችው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሣር አበቀለ። ይህም አላረካትም።

አሁን ትእዛዙ ልጅቱን አወረደና የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።

«እንደምን አደርሽ፣ የሺመቤት።»

«መርፌህን ቤት ረስተኸው መጣህ?»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እነርሱ ዞረ። በአባቷ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ በሽማግሌው ቀን፣ ደሟ ፈልቶ ሳለ እንኳ «እርስዎ» ከማለት አልጎደለችም ነበር። «አንተ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ትእዛዙ መሬት መሬት አየ። «እናቷ አራስ ናት፤ መምጣት አልቻለችም። የልጅቱ ጆሮ መመገል ከጀመረ ሰነበተ። ሕመሙ አያስተኛትም።»

«የጠየቅሁህ ስለ መርፌህ ነው። ለአገሩ ልጅ ሁሉ የሆነ መርፌ ለልጅህ ልጅ ምን አነሰው?»

 መምሬ አሥራተ ማርያም ከተቀመጡበት ግንድ ላይ ተነሥተው መጡ። የልጅ ልጃቸውን ለማሳየት ከማለዳ ጀምሮ ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ በሕዝብ ፊት አይሆንም። ሕፃኗ ምን በደለች? ትግባና ትታይ።»

«እርስዎ ፊት ሲምል ሕዝብ ነበረ፣ አባቴ። ሲናገርም ሕዝብ ይስማ።» ወደ ትእዛዙ ዞረች። «በዚህ በር የማስገባው እኔ ነኝ። ሲስተር ወንዙ ሳይሞላ ትሄዳለች። የጠየቅሁህን ካልመለስክ ልጅህን ይዘህ ትመለሳለህ።»

ይህን ስትል ፀጋን አየቻት። ከጆሮዋ የወረደው ቢጫ መግል አንገቷ ላይ ደርቋል፤ ዝንቦች ይሽቀዳደሙበታል። ልጅቱ ራሷን ወደ አንድ ጎን ጥላ ከንፈሯን ነክሳለች። የሺመቤት በየቤቱ ያስተማረችውን ታውቃለች፤ የመገለ ጆሮ ቀን እንደማይሰጥ ታውቃለች። እያወቀች ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«ለፀጋ ለምን አልወጋሃትም?»

«ያ መርፌ…» አለ አጉረምርሞ።

«ጮክ በል።»

«ጆሮ ያደነቁራል።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት «ኧረ እግዚኦ!» አለች።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ።» ኮቱን ከፊት ለፊት ሰብስቦ ያዘ፣ እንደበረደው ሰው። «ስወጋት አላውቅም ነበር። ኋላ በሠርካለም አየሁት። ከእሷ ወዲህ ያንን መድኃኒት ለሕፃን ወግቼ አላውቅም።»

«በመድኃኔ ዓለም ስትምልስ?»

ትእዛዙ መምሬን ቀና ብሎ አላያቸውም። «አውቅ ነበር» አለ።

መምሬ ሰው እንዲሳለመው እጃቸው ላይ የያዙትን መስቀል ቀስ ብለው ወደ ጥብቆአቸው ኪስ ከተቱት። ወደ ግንዳቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

የሺመቤት ይህችን ሰዓት ስንት ጊዜ አስባታለች። እንጨት ስትለቅም፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ቅዳሴ መሀል ቆማ ሳለ ሳይቀር። በሐሳቧ ሰውየው ይወድቃል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ እርሷም ከደረቷ ድንጋይ የወረደላት ያህል ይቀላታል። አሁን የቆመው ግን አፍንጫው የረጠበ፣ አንገቱ የቀጠነ ሽማግሌ ነው። ሕዝቡም ዝም ብሏል። ልጇን ምሳሌ አድርጎ፣ በልጇ ተምሮ፣ የሌላውን ልጅ ሲያተርፍ ኖሯል፤ ለእርሷ ግን አንዲት እውነት ነፍጓታል። ቁጣዋ መብረዱ ቀርቶ አዲስ ሆነባት።

ሠርካለም ከበሩ አጠገብ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ብቻዋን ቅልብልቦሽ ትጫወት ነበር። የሺመቤት ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና ከሰውየው ፊት አቆመቻት።

«ለእኔ የነገርከኝ ይበቃል። አሁን ለእሷ ንገራት።»

«አትሰማኝም እኮ» አለ ትእዛዙ።

«አውቃለሁ። ንገራት።»

እግሩ በቀላሉ ስለማይታጠፍለት አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ እያቃሰተ ተንበረከከ። ፊቱ ከልጅቱ ፊት እኩል ሆነ። «እኔ ነኝ» አለ። «ትኩሳትሽን አበርዳለሁ ብዬ ጆሮሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳውቅም ካድኩ። አገር እንዳይንቀኝ ብዬ ካድኩ።» ሠርካለም የከንፈሩን እንቅስቃሴ በትኩረት ታየዋለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ጉሮሮው ላይ አሳረፈች። ሰው ሲያወራ እንዲህ ማድረግ ልማዷ ነው፤ ድምፁን በጣቷ ትፈልገዋለች። 

የሺመቤት ከበሩ ፈቀቅ አለች።

«አስገባት» አለች።

ከበሩ አልራቀችም፤ ውስጡን ሁሉ ታያለች፣ ትሰማለች። ሲስተር መስታወት ጆሮዋን ስታጸዳላት ልጅቱ አለቀሰች። ቀጥሎ ሲስተር መስማቷን ልትፈትን ከኋላዋ ዞራ፣ አፏን በእጇ ሸፍና በሹክሹክታ ተናገረች።

«ፍየል።»

ፀጋ ቃሉን በቤቷ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ መልሳ አለችው። ሲስተር ሳቀች።

«ውኃ።»

ይህንንም መለሰች።

«እናት።»

እያንዳንዱ መልስ የሺመቤትን እንደ እሾህ ይወጋታል። ልጅቱ አንዱን እንድትስት ተመኘች። መመኘቷን አወቀች፤ ምኞቱ ግን አልለቀቃትም። ፀጋ አንዱንም አልሳተችም።

ሲስተር መስታወት ልጅቱን ይዛ ብቅ አለች። ውጭ የሆነውን አልሰማችም፤ ወይም የሰማች አላስመሰለችም። «የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፤ ግን በጊዜ መጥታለች፤ ትሰማለች» አለች። «በንጹሕ ጨርቅ እየተጠረገ፣ የምሰጣችሁ ጠብታ በየቀኑ መግባት አለበት። ካቋረጡት መግሉ ይመለስና መስማቷን ያጠፋዋል። የሺመቤት፣ ይሄ የአንቺ ቀጣና ነው አይደል? የሚከታተላት ሰው እፈልጋለሁ።»

ሰልፉ ሁሉ የሺመቤትን አየ። ትእዛዙም አያት፤ ዓይኑ እምቢ እንድትል የሚለምን ይመስል ነበር።

«እኔ እከታተላታለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእርሱ ብቻ «በየማለዳው እመጣለሁ። ሠርካለምን ይዤ። ጆሮዋ እስኪድን ድረስ ደጅህን ከፍተህ ትጠብቀናለህ» አለችው። በዚያች ቅጽበት ሥራውን ለማን ብላ እንደተቀበለችው ብትጠየቅ መልሱን አታውቀውም ነበር። ጠብታው ግን አንድም ቀን እንደማይስተጓጎል እርግጠኛ ነበረች።

ትእዛዙ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱን ሊያነሣ ሲጎነበስ የሚያግዘው ሰው አልመጣም።

ሠርካለም የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ከመደንቆሯ በፊት ከለመደቻቸው ቃላት አፏ ላይ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ከዓመት ዓመት እየደበዘዙ ነው። ወደ ሽማግሌው በጣቷ እያመለከተች፣ የገዛ ድምፅዋን መመጠን ስለማትችል ግቢው በሙሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ምን አለ?»

ትእዛዙ ልጅቱን በክንዱ እንደታቀፈ ባለበት ቀረ። ሴቶቹ ሕፃናታቸውን ዝም አሰኙ። መምሬ ከግንዳቸው ላይ ቀና አሉ። የሺመቤት ከልጇ ፊት ተንበረከከች። በእጃቸው የሚግባቡበት ነገር ብዙ ነው፤ ለፍየል፣ ለዝናብ፣ አባት መንገድ ሲወጣ፣ አባት ሲመለስ፤ ለዚህኛው ግን ምልክት የላቸውም። እጆቿን አነሣች፤ አየር ላይ አቆመቻቸው። የልጅቱ ዓይኖች ከእጆቿ ላይ አልተነሡም።