ንጹሑ ሸሚዝ ላይ ያየችው ነጠብጣብ

የወንድሜን ሚስት ፋብሪካ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ደግሞ ብቆጥርስ ማን ይከለክለኛል? የሸሚዝ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። አርባ ማሽን፣ አርባ ሴት፣ አርባ ዓይነት አመል ጫንቃዬ ላይ ነው። መጀመሪያ ስፌት ላይ ባስቀምጣት አልሆነላትም። ጥራት ክፍል ስትገባ ግን ጉድ ታየ። አንዲት የዘለለች ስፌት፣ የሰሊጥ ፍሬ የማታክል የዘይት ጠብታ አታመልጣትም። እንከኑ ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ወረቀት ትለጥፍና ሸሚዙን ወደ ሰፊዋ ትመልሰዋለች። ሴቶቹ «ማይክሮስኮፕ» የሚል ስም አወጡላት። እውነቱን ልናገርና፣ ከአርባው ሴት የምኮራው በእሷ ነበር። የምቀናውም በእሷ ነበር።

ስምንተኛ የእርግዝና ወሯን ስትይዝ ወንድሜ የጭነት መኪናውን ይዞ ሩቅ መንገድ ወጣ። በር ላይ ቆሞ «እታለም፣ አደራሽን» አለኝ። «ሂድ ወዲያ፣ እኔ እያለሁላት» አልኩት።

እሱ በሄደ በሳምንቱ ወንበር ጠየቀችኝ። ጥራት ክፍል ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ለእሷ ወንበር ብሰጥ ሌሎቹ ለዘመድ አደላች ብለው ያሙኛል። ከለከልኳት። ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ፤ አየሁና እንዳላየ አለፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ደርዘን ነጭ ሸሚዝ ቀይ ተለጥፎበት ተመለሰ። አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ሰብስቤው ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«ይኼ ምኑ ነው እንከኑ?»

«ነጠብጣብ አለበት እትዬ። እዚህ ጋ። ይኸው እዚህም።» በጣቷ ባዶ ጨርቅ ታሳየኛለች።

«የቱ ጋ?»

«ቅድም ነበረ» አለችና ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

በማግስቱ ባሰባት። ከአሥር ሸሚዝ አራቱን ትመልሳለች። ሰፊዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት መኪና ይጫናል፣ ሦስት ሺህ ሸሚዝ መሙላት አለበት ብሎ አናቴ ላይ ቆሟል። ደሜ ፈላ። ወንበር ስለከለከልኳት ቂሟን በእኔ ሸሚዝ ልትወጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ነገር ለማሰብ አልሞከርኩም።

«እትዬ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው» አለችኝ። ፊቷ ተነፍቷል፤ ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጧል፤ እግሯ አልገባ ስላላት ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃዋለች። «ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ዓይኔም ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይበተንብኛል። ሁለት ሰዓት ብቻ ፍቀጂልኝና ጤና ጣቢያ ደርሼ ልምጣ።»

«በዓለም ላይ ያረገዝሽው አንቺ ብቻ ነሽ?» አልኳት፣ ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ራስ ምታት እኔም አለብኝ፤ ያውም ካንቺ የመጣ።»

ሳቁ። እሷም ደንገጥ ብላ አብራ ፈገግ አለች። ይህኔ ልተዋት ይገባኝ ነበር። ሰው ሲስቅልኝ ግን አላቆምም። ከትናንት ጀምሮ የመለሰቻቸውን ሁለት መቶ ምናምን ሸሚዞች አስመጥቼ ፊቷ ቆለልኳቸው። «እነዚህን አንድ በአንድ ደግመሽ ፈትሽ። ስትጨርሺ የፈለግሽበት ትሄጃለሽ።» ጤና ጣቢያው ሲዘጋ ገና ግማሹ ላይ ነበረች።

ሐሙስ ግድግዳውን ተደግፋ ገባች። ጥቂት ቆይቼ ቀና ብል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሸሚዙን በጣቷ እየዳበሰች ነው። በዓይኗ አይደለም የምትሠራው። ይህን አይቻለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። «መኪናው ይጫንና እልካታለሁ» አልኩ በሆዴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬም ወደ ማሽኖቹ ዞርኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ጠራችኝ። «እትዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

መብራቱ እንደበራ ነው። ልመልስላት አፌን ስከፍት አንገቷ ወደ ኋላ ተቀለበሰ፣ ሰውነቷ እንደ ሳንቃ ደረቀና ጠረጴዛውን ይዛው ወደቀች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ተረከዟ ሲሚንቶውን ሲደበድብ፣ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። ምላሷን ነክሳ ከአፏ የወጣው አረፋ ደም ነበረው። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣና መጀመሪያ ያነሳው አጠገቧ የተበተኑትን ሸሚዞች ነው፣ ደም እንዳይነካቸው። እኔም አብሬው አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ነው እሷን ያነሳናት።

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ወጥታ አነጋገረችኝ። ወንድሜ ካለበት መንገድ ላይ ደውሎ ስልኩ እጄ ላይ ክፍት ነው፤ ሁሉንም ይሰማል።

«የእርግዝና ደም ግፊት ነው» አለች። «አንጎሏ አብጧል። ዓይኗስ ደህና ነው፤ የምታየውን የሚተረጉምላት የአንጎሏ ክፍል ነው የተጎዳው። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ራስ ምታት ነበራት? ብልጭታ፣ ነጠብጣብ አያለሁ ብላ ነበር? መቼ ጀመራት?»

«ኧረ ምንም» አልኩ። «ደህና ስትሠራ ውላ፣ ዛሬ በድንገት ነው የወደቀችው።» ምላሴን እንኳ አላደናቀፈኝም።

በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተወለደች፤ ኩርምት ያለች፣ ግን ድምፀ ብርቱ። እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ነቃች፤ በሳምንቱ ብርሃኗ ተመለሰ። ያ ሳምንት ግን ከራሷ ውስጥ የት እንደገባ አልታወቀም። ሁለት መቶውን ሸሚዝም፣ ሳቁንም፣ ልመናዋንም አታስታውስም። ወንድሜ «አንቺ ባትኖሪ ሞታ ነበር» እያለ እጄን ሳመኝ። ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝ። አዎ፣ መርሳቷ ደስ አለኝ።

ልጅቷ ስድስት ወር ሲሞላት እናቲቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ መጣች። ሃያ ሸሚዝ ሰጠኋት፤ አሥሩ እንከን አለባቸው። ሦስቱን አገኘች። ከዚያ ሃያውን እንደጨረሰች ረስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሴቶቹ ማሽናቸው ላይ አቀረቀሩ። «ለሥራው ብቁ አይደለችም» የሚለው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በደብተር ሆነ። ጋዙን አጥፍቻለሁ። ልጅቷ በልታለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ያልተጻፈ ነገር ለእሷ አልተደረገም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ደግማ አረገዘች፤ ሰባተኛ ወሯን ያዘች። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ከወንድሜ ጋር ቤቴ መጡ። ልጅቷን ምንጣፉ ላይ ለቀቀቻትና ደብተሯን ከፈተች።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ሊደገምብሽ ይችላል አለችኝ። አንዳንዷ ራሷን ያማታል፣ አንዳንዷ ዓይኗን፣ አንዳንዷ ምንም ሳይሰማት ይጥላታል። የአንቺ እንዴት እንደጀመረሽ አጠገብሽ የነበረ ሰው ጠይቂና ያው ከመጣ በሩጫ ነይ አለች። እኔ እንደሆነ አላስታውስም። አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ ልጻፈው።»

«ንገሪያት እንጂ እታለም» አለ ወንድሜ። አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቷን ይዞላታል።

«ማክሰኞ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ማክሰኞ ካልኩ ረቡዕን ይጠይቀኛል። ረቡዕ ካልኩ ለምን አልላክሻትም ይለኛል። ዓይኑን አየሁት።

«ምንም አልነበረም» አልኩ። «ሳቅሽና ጨዋታሽ እንዳለ ነው የወደቅሽው።»

«ራሴን አላመመኝም?»

«አላመመሽም።»

«ዓይኔስ?»

«ዓይንሽማ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ቀስ ብላ ጻፈች። ከዚያ ለራሷ አነበበችው፤ «የእኔ ምልክት የለውም። ራስ ምታት የለም። ዓይን ደህና።» ደብተሩን ዘጋችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንኳን ጠየቅኩሽ እትዬ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ራሴን እየፈለጠኝ፣ ዓይኔም ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ስንሳቀቅ ነበር የሰነበትነው። ለካ የዚያ ሕመም አይደለም።»

ወንድሜ በማግስቱ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። እዚያው ፊቴ ስልኩን አወጣና ጭነቱን እንደሚወስድ ለአለቃው ነገረው። እኔም ቡና ላፈላ ተነሳሁ።