ሱሴ የሸረፈቻት ጥርስ

ሰዓት ጠጋኙ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ዘይት ይዞ የሚሄድ፣ ሰው ቤት ተጋብዞ የግድግዳ ሰዓት አውርዶ የሚፈታ ሰው ነው። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ስትቀልድበት፣ «አንተ እኮ መቃብር ብትገባም ክዳኑን ሳታስተካክል አትተኛም» ትለው ነበር። ይህ ድሮ ነው። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት በዚያ ቤት ስለ መቃብር የሚቀልድ የለም።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን አተኮሳት፣ በአራተኛው ቀን ሄደች። እናቷ «ሱሴ» ነበር የምትላት፤ ከቀብሩ በኋላ ግን ያንን ስም ከሁለቱም አፍ የሰማ የለም። እሱ ፎቶግራፏን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ይብላኝ ለእነሱ፣ ዝም ሲባባሉ የተዛዘኑ መስሏቸው ነበር።

ሚስትየው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ አንዷ ጠርዟ ላይ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ያህል ተሸርፋለች። በዚህ የተነሳ «ሰ» ያለበት ቃል ስትናገር ቀጭን ፉጨት አብራ ትወጣለች። ተማሪዎቿ የቃል ጽሕፈት ስታጽፋቸው እየተያዩ ይሳሳቃሉ፤ እሷም አውቃ «ሳሙና፣ ሰባት፣ ሰማይ» እያለች ትደጋግምላቸዋለች።

የሸረፈቻት ሱሴ ናት። ገና ዓመት ሳይሞላት እናቷ ጭን ላይ ቆማ ስትዘል፣ በሳቅ ፍርስ ብላ፣ በዚያ ጠንካራ ግንባሯ የእናቷን አፍ መታችው። እናት ደም ስትተፋ ልጅት መጀመሪያ ሳቀች፣ ደሙን ስታይ ደግሞ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ተመቺዋ የራሷን ሕመም ትታ መቺዋን ስታባብል ዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት የወጋችው ለመርሳት እንኳ ዕድሜ አላገኘችም። የተወጋችው ግን በቀን መቶ ጊዜ ምላሷን ወደዚያች ክፍተት ትሰዳለች፤ ክፍል ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ሰው እያወራት። ልጇን የምታገኛት እዚያ ነበር።

ታዲያ ጥርሷ ውስጥ ውስጡን ሞቶ ኖሮ በዚህ ዓመት ጠቆረና ያሠቃያት ጀመር። የጥርስ ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣ ሥሩን ጠርጋ ካከመችላት በኋላ በራጅ ያነሳችውን አሳየቻት።

«ተሰንጥቋል፤ ደግነቱ ስንጥቁ ሥሩ ጋ አልደረሰም። ክራውን እናልብሰው፣ ሽፋን ማለት ነው። አለዚያ አንድ ቀን ዳቦ ሲነክሱ ለሁለት ይከፈልና መነቀሉ ነው።»

«እሺ። ግን ይቺን እንዳታጠፊብኝ» አለች፣ የተሸረፈችዋን ቦታ በጥፍሯ እያሳየች። «ሽፋኑም ልክ እንደዚህ ተሸርፎ ይሠራልኝ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። ሰው ሁሉ አሳምሩልኝ ይላል እንጂ ሸርፋችሁ ስጡኝ ያለ ገጥሟት አያውቅም። ለምን ልትላት አፏን ከፈተች፤ የሴትየዋ ዓይን እንባ ማቅረሩን ስታይ ግን ተወችው። የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «ጠርዙ እንደተሸረፈ ይሠራ» ብላ ጻፈች። ሳትሞርደው አንድ ጊዜ፣ ከሞረደችው በኋላ ሌላ ጊዜ ልኩን ወሰደች። ጥርሱ ጉቶ ሆነ፤ ላዩ ላይ እንደዚያው የተሸረፈ ጊዜያዊ ሽፋን ተለጠፈበትና ሴትየዋ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይዛ ወጣች።

ባልየው ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚስቱ ጥርስ ሊሠራ መሆኑን ብቻ ሲሰማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠገን የሚችል ነገር እቤቱ ውስጥ ያገኘ መሰለው። ሽፋኑን የሚሠራው ሰውዬ የሰዓት ደንበኛው ነው። የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ከፍሬሙ አውጥቶ ሄደ። ሙሽራዋ አፏን ሞልታ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሙሉ ነው።

«እንደዚህ አድርግልኝ» አለው።

«ወረቀቱ ግን እንደተሸረፈ ይሠራ ይላል።»

«እሷን አታውቃትም እንዴ! ሰው እንዳይቸገርብኝ ብላ ነው። ለራሷ ምን ጠይቃ ታውቅና?»

ጥርስ ሠሪውም ቢሆን እንከን ያለበት ሥራ ከእጁ እንዲወጣ አይወድም። ሁለቱ ጠጋኞች ወዲያው ተግባቡ።

የቀጠሮው ዕለት ባልየው ሱቁን ዘግቶ አብሯት መጣ፤ ፎቶግራፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ ቀለሙን ብቻ አስተያይታ ሽፋኑን ለሙከራ አጠለቀችላትና መስታወት ሰጠቻት።

ሴትየዋ መስታወቱን ከማየቷ በፊት ምላሷን ሰደደች። ምላሷ ተንሸራተተ። ወዲህ ፈለገ፣ ወዲያ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ መስታወቱን አየች፤ ልጅ ወልዳ የማታውቅ ሴት ጥርስ ነበር።

ሐኪሟ ፊቷን አይታ ክው አለች። ወረቀቱን አነሳች፤ ከእሷ ጽሑፍ ሥር በጥርስ ሠሪው እጅ «በባለቤታቸው ጥያቄ እንደ ፎቶግራፉ ተሠርቷል» ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላይ ቀርቼ ነው። ገና አልተለጠፈም፤ እዚሁ በሁለት ደቂቃ እሸርፈዋለሁ» አለች፣ ማሽኑን እያነሳች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ባልየው ፎቶግራፉን ከጋዜጣው አውጥቶ አጠገቡ ለተቀመጡ ለማያውቃቸው አሮጊት ያሳያል። «እኔ ነኝ ያሠራሁላት፤ እሷ አታውቅም» ይላቸዋል። ይስቃል። ሳቁ እንዲህ ሽቅብ የሚወጣ መሆኑን ረስታው ኖሯል።

«ልሸርፈው?»

ሴትየዋ ያቺን ክፍተት እንዴት እንደፈለገቻት እሷ ታውቃለች።

«ተዪው» አለች። «ይለጠፍ።»

ቤት እንደገቡ ፎቶግራፉን ፍሬሙ ውስጥ መልሶ ሰቀለው። ራቅ ብሎ ቆሞ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ።

«ልክ እንደዚያን ጊዜ! ምንም እንዳልደረሰብሽ እኮ ነው የሆንሽው!»

ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር የመጣችው። ይህን ግን መዋጥ አቃታት። ሄዳ መሳቢያውን ሳበች፣ የልጅቷን ፎቶግራፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና ጠራቻት።

«ሱሴ።»

ሰዓት ጠጋኙ የሰዓት ምት አንዲት ስትዘል ከማዶ የሚሰማ ጆሮ ነው ያለው። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«እስኪ ድገሚው።»

«ሱሴ።»

«ፉጨቷስ?»

አዲሱን ጥርስ በጣቷ ነካች። ያኔ ትዝ አለው። ደም የነካው ፎጣ፣ ስቃ ስታበቃ የምታለቅስ ሕፃን፣ እሱ ራሱ «ግንባሯ የአባቷ ነው» ብሎ ሲቀልድ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ስትስቅ ሰማሁህ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ የቀብሩ ዕለት ያላለቀሱትን። በኋላ ቀና ብሎ የልጁን ፎቶግራፍ እያየ ከንፈሩን አሾለ። «ሱሴ» አለ፣ ፉጨቷን አብሮ ሊያወጣት። አልወጣችለትም። እንደገና ሞከረ።