የባላምባራስ ቢረሳው ግራ ዓይን

ለነገሌ ቦረና ነዋሪ፣ ለወታደሩም ለነጋዴውም፣ ለሰማውም ላልሰማውም ሁሉ ይታወቅ! በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ሚያዝያ ሃያ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የባላምባራስ ቢረሳው ግራ ዓይን ጠፍታለች።

የጠፋችው ከራሳቸው ላይ አይደለም፤ እዚያስ ሁለቱም አሉ፣ ያውም የሰው ጓዳ የሚያዩ። የጠፋችው ከመስኮት ላይ ነው።

ባላምባራስ ለቤተ ክርስቲያኑ የመስኮት መስታወት ሰጡ። ሰሌዳ ጸሐፊው ሥዩም ቅዱስ ጊዮርጊስን በቀለም እንዲሥልበት፣ ከፈረሱ እግር ሥር ደግሞ፣ እንደ ደንቡ፣ ሰጪውን አንበርክኮ እንዲያሳይ ታዘዘ። ሥዩም አሥራ አንድ ዓመት «ሥጋ ቤት» ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አሁን ፀሐይ የሚያልፍበት ሥራ አገኘ። ለሃያ ሦስቱ የጊዮርጊስ በዓል ከተሰቀለለት ከተማው ሠዓሊ ይለዋል፤ ካልተሰቀለ ወደ ሥጋ ቤቱ ይመለሳል።

ሥዕሉን ካርቶን ላይ በምላጭ ቆርጦ ያወጣል፤ ካርቶኑን መስታወቱ ላይ ለጥፎ በቀዳዳው በኩል በስፖንጅ ቀለም ይቀባል። ዓይን መሐል ላይ የሚቀር ቁራጭ ነውና በቀጭን ማሰሪያ ካልተያዘ ይወድቃል። ጊዮርጊስ ደህና ወጣ። ፈረሱ ደህና ወጣ። ዘንዶው እንኳ በአንድ ዓይኑ ደህና ወጣ። የባላምባራስ ግራ ዓይን ግን ማሰሪያዋ በቀለም ረጥቦ ተበጠሰና ወደቀች፤ ቦታዋን ቀለም ሞላው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ባለ አንድ ዓይን ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል፤ ሰይጣንና ወገኖቹ።

«ከማን ጋር ነው የደመርከኝ?» አሉ ባላምባራስ።

«ዓይኗ ወድቃ ነው ጌታዬ። አሁን ቀለሙን ፍቄ አወጣታለሁ።»

ፍቆ አወጣት። «ጠበበች፤ ሴት የምጠቅስ አስመሰልከኝ» አሉ። አሰፋት። «አሁን ደግሞ ደነገጥኩ።» ቀኟንም አሰፋ። «ምነው ሁለቱም ደነገጡ?»

ሐሙስ እንዲሁ አለቀ። ዓርብ ሥዩም የሚሠራበት መጋዘን ባለቤት፣ ከብት ነጋዴው ጋልጋሎ ብቅ አለ።

«አካም ሥዩም! ናጋ?»

«የምን ናጋ፣ የምን ሰላም!»

ጋልጋሎ ጎንበስ ብሎ አየ። «ፈረሱስ ፈረስ ነው። እኒህ ሰውዬ ግን ግመል ጠፍቶባቸዋል እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።»

«ይስሙ፤ አብረን እንፈልግላቸዋለን።»

ባላምባራስ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። «አፍንጫዬንስ አየኸው? ጎራዳ ነኝ? እስኪስተካከል አይሰቀልም! መስታወቱ የኔ ነው።»

«ጌታዬ፣ ጊዮርጊስን አንዴ እንኳ አዩት?» አለ ሥዩም።

«እሱን ማን ያጣዋል? እኔን አስተካክል!» ብለው ወጡ።

ሥዩም ምላጩን አስቀመጠ። ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነከረ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ በጋልጋሎ ትከሻ ታግዞ፣ መስኮቱን ሰቀለው። ፀሐይዋ በጊዮርጊስ ቀይ ካባ ስትገባ ሕዝቡ እልል አለ፤ እልል የተባለለትን ደግሞ ማን ያወርዳል? ከፈረሱ እግር ሥር ብቻ የሰው ቁመት ያህል ባዶ መስታወት ይታያል፤ በእሱም በኩል ውጭ የታሰረችው የባላምባራስ በቅሎ ሣር ትግጣለች።

ባላምባራስ ሕዝቡን እየገፉ መጡ። «እኔስ? እኔ የታለሁ? ምን ብታስብ ነው? ተናገር እንጂ!»

«አላስረዳም» አለ ሥዩም።