የሚያንቀጠቅጠው ማጨጃ

«እጅህን! እጅህን አንሣ!» ብላ ነርሷ የባሏን እጅ አንጓው ላይ ለቀም አደረገችው።

እሱ ግን የሱቁ ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ የማጨጃውን አምስት ጥምዝ ስለቶች በጣቱ ጀርባ እየዳበሰ ፈገግ ይላል። «አልቆረጠኝም እኮ» አላት። «ስለት በጎኑ ለነካው ሰው ክፉ አይደለም። ይልቅ ይሄ ከሥር የተጋደመው ቢላ ምንድን ነው?»

«ሣሩን የሚቆርጠው እሱ ላይ ነው» አለ ባለሱቁ፣ ወደ ሚስትየው እያየ። «ጎማው ሲዞር ስለቶቹ አብረው ይዞራሉ፤ ሣሩን እየሰበሰቡ ከታችኛው ቢላ ጋር እንደ መቀስ ይገጥሙታል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው፣ ገመድ የለው። እትዬ፣ ለእሳቸው ወንበር ላምጣላቸው?»

ነርሷ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። የዓይን ግፊት የባሏን ብርሃን ከወሰደ ወዲህ፣ ምግብ ቤት ቢገቡ አስተናጋጁ «እሳቸው ምን ይብሉ?» የሚለው እሷን ነው። ሰው ዓይኑን ሲያጣ ጆሮውም ምላሱም አብረው የሄዱ ይመስላቸዋል። የምትመልሰውን ስታስብ ባሏ ቀደማት።

«እሳቸው ወንበር አይፈልጉም» አለ ካለበት ንቅንቅ ሳይል። «እሳቸው የሚፈልጉት ሣር ማጨጃ ነው።»

ባለሱቁ ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ» አለና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወሬውን ወደ ሰውየው አዞረ።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬም ድረስ «ሹፌሩ» ነው የሚለው። መሪውን ካስረከበ ወዲህ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል። ሻይ ይቀዳለታል፣ ጫማ ይቀርብለታል፣ በር ይከፈትለታል። ካላጠብኩ ብሎ ብርጭቆ ያጠበ እንደሆነ ነርሷ እሱ ሲተኛ መልሳ ታጥበዋለች። «ጠራ ወይ?» ሲላት «መስተዋት ነው» ትለዋለች። ክፋት የላትም። ሰው ስታክም የኖረች ሴት ስለሆነች የታመመን ሰው ማስከፋት አይሆንላትም።

የቀረችው ነገር ሣሯ ነበረች። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን ቢቆምባት የምትሞላ ብጣሽ ሣር አለች፤ የተከላት ሹፌሩ ራሱ ነው። አሁን አሁን ቅጥረኛ መጥቶ በባለሞተር ማጨጃ ያጭዳታል። ሞተሩ ሲያጓራ «ድንጋይ ይፈናጠርብሃል» እየተባለ ሹፌሩ መኝታ ቤት ይገባል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «ሴራሚክ አንጥፉባትና ተገላገሉ» ማለት ከጀመረ ሰነበተ፤ ሰሞኑን ጭራሽ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ቀጥሯል። ሹፌሩ በእጅ ስለሚገፋ ማጨጃ በሬዲዮ የሰማው በዚህ መሃል ነው። «እኔው ካላጨድኳት ይነጠፍባት» አለ። «ካጨድኳት ግን ማንም አይነካትም።» ነርሷ አፏ እሺ ቢልም ልቧ አልተቀበለውም። ሱቅ ድረስ አብራው የመጣችውም ስለቱን ሲነካ ራሱ ይተወዋል ብላ ነው።

ባለሱቁ ከሱቁ ጀርባ ለመሞከሪያ የተተወች ሣር ነበረችው። የመጀመሪያውን ማጨጃ እየጎተተ ወደዚያ ወሰዳቸው።

«ይሄ ቀላሉ ነው ጋሼ። ሕፃን ይገፋዋል።»

ሹፌሩ ጥቂት ገፋውና ቆመ። «አጨደ?»

«አጨደ እንጂ!»

«እኔ እጄ ላይ ምንም አልመጣልኝም።»

ሁለተኛው ይበልጥ አዲስና የሚያምር ነበር። «የዚህ ኩሽኔታው አንደኛ ነው፣ እጀታው ደግሞ በስፖንጅ ተጠቅልሏል» አለ ባለሱቁ። «ቅቤ ነው ጋሼ፣ ቅቤ!»

ነርሷም እጀታውን ነካ ነካ አድርጋ ወደደችው። «ይሄ ይሻልሃል፤ እጅህን አያደክምህም» አለችው። ሹፌሩ ገፍቶ፣ መልሶ ገፍቶ ራሱን ነቀነቀ። ለልጁ ሚስት የሚያጭ እንጂ ማጨጃ የሚመርጥ አይመስልም።

«ስንገባ ጥግ ላይ እግሬን የመታኝስ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱ ይቅርብዎት። የድሮ ብረት ነው፣ እጀታውም እንጨት። አንድ ደንበኛ ወስዶ መለሰው።»

«ምን አግኝቶበት?»

«ያንቀጠቅጣል። ሣር በበላ ቁጥር እጅ ላይ ይመጣል።»

«ሣር ካልበላስ?»

«ያኔማ ዝም ነው።»

ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እስቲ ድገመው።»

«ሣር ሲያገኝ ያንቀጠቅጣል፤ ካላገኘ ዝም ይላል አልኩ እኮ።»

«አምጣው!» አለ። ነርሷ ይህን ድምፅ ከሰማችው ቆይታለች። የአውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር ላይ የተኛ ተሳፋሪ ሳይቀር የሚሰማው ድምፅ ነበር።

ማጨጃው መጣ። ሹፌሩ የእንጨቱን እጀታ ግራና ቀኝ ይዞ እግሩን አስተካከለና ገፋ። ብረቱ አንዴ አጉረመረመ፤ የተቆረጠው ሣር ወደ ኋላ እየተረጨ ጫማው ላይ ዘነበ። ነርሷ እንዳይወድቅባት ሁለት እጇን ዘርግታ ከኋላው ተከተለች። ዳር ደርሶ ዞረ፣ መመለስ ጀመረ። መሃል ሲደርስ ወደ ቀኝ፣ ቅድም ወዳጨደው እየሸሸ ሄደ። ነርሷ «ወደ ግራ» ልትለው አፏን ስትከፍት እሱ ቀድሟት ቆመ።

«ቀኙ ዝም አለኝ» አለ ለራሱ። «የታጨደው ላይ ወጥቻለሁ ማለት ነው።»

እጀታውን ጥቂት ወደ ግራ አዘነበለና ገፋ። ስለቱ ያልታጨደውን ጠርዝ አገኘ፤ ብረቱ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ሹፌሩ ጠርዙን ይዞ እስከ ዳር ድረስ ሄደ።

ነርሷ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። በሥራዋ ስንት ጉድ አይታለች፤ አለቀለት የተባለ በሽተኛ ተነሥቶ ውኃ ሲጠይቅ አይታለች። እንዲህ ያለ ግን አላየችም። ባሏ ግድግዳ ሳይይዝ፣ ዱላ ሳይይዝ፣ የእሷን ትከሻ ሳይይዝ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ በምን አወቁት?» አለ ባለሱቁ። ደንበኛ ሲጠራው እንኳ አልሰማም።

«መኪና ትነዳለህ?»

«እነዳለሁ።»

«አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ከዓይንህ በፊት እጅህ አይሰማም? መሪው ነው የሚነግርህ። ያ ቅቤ ያልከው ድዳ ነው፤ ይሄኛው ግን ያወራል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ነርሷ አዞረ። «ነይ አንቺም ያዢው። ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ማጭበርበር የለም።»

ባለሱቁ ፊት አፈረች፤ ግን ሄደች። እጆቿን ከእጆቹ አጠገብ አድርጋ ጨፈነች። አብረው ገፉ። መጀመሪያ የታወቃት እንዳትወድቅ መፍራቷ ብቻ ነው። ከዚያ እንጨቱ መዳፏ ውስጥ መናገር ጀመረ። ሣሩ ጥቅጥቅ ያለበት ላይ እስከ ክርኗ ይሰማታል፤ ሳሳ ያለበት ላይ ይለሰልሳል፤ መላጣው መሬት ላይ ሲደርስ እልም ይላል፤ ደግሞ ይመጣል። «ወይ ጉድ!» አለች። ሣር እንዲህ ዓይነት ነገር መሆኑን እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል እያለች ስታዝንለት፣ ለካ እሱ ያለበት ቦታ ባዶ አይደለም። ዓይኗን ስትገልጥ እንባዋ መጥቶ ነበር።

«ይህንኑ ጫንልን» አለች ለባለሱቁ።

ቤት ሲደርሱ ሹፌሩ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ቤቱ በየት በኩል እንዳለ እንዲያውቅ ሬዲዮውን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ነርሷ ጠጠሩን ለቀመችለትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሱም ከደረጃው ሥር ጀመረ። ይሄዳል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴ ይስታል፣ ቆም ብሎ እጁን ያዳምጣል፣ መንገዱን ያገኛል። አዲስ የታጨደ ሣር ሽታ ግቢውን ሞላው። ነርሷ የሥራ ልብሷን ልታጥብ ነበር፤ ረሳችው። ሰው ከሞተ ዘመዱ ጋር እንደገና ቢገናኝ እንዲህ ነው የሚያየው፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ መንቀል አቃታት።

በመጨረሻ ሹፌሩ ማጨጃውን አቁሞ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

«እህስ? የቀረ አለ?»

ነበረ። ከግንቡ ሥር፣ ከውኃ ቧንቧው እስከ ውጪው በር ድረስ፣ አንድ ክንድ ስፋት ያለው የሣር ረድፍ ሳይታጨድ እንደቆመ ነው። ነርሷ ረድፉን አየች፤ የባሏንም ፊት አየች። ላብ ችፍ ያለበት፣ እንዲህ ሲበራ ካየችው የሰነበተ ፊት ነው። «አንድም አልቀረህም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። እሱ ሲተኛ በመቀስ ትከረክመዋለች፤ ወንድሙም መጥቶ የሚያሾፍበት ነገር አያገኝም። መቀሱ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሳይቀር አስባለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ግን አግብቶ አያውቅ ይሆናል።

«አለ» አለች።

«የት?»

«ከግንቡ ሥር፣ ከቧንቧው እስከ በሩ። ደግሞ ትንሽ እንዳይመስልህ።»

ነርሷ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

«ተመስገን!» አለ። «ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ገና ወቀስሽኝ።»

እጀታውን ይዞ ዞረ። የዞረው ግን ወደ ግንቡ ሳይሆን በዚያ በኩል ወደተተከሉት ጽጌረዳዎች ነበር። ነርሷ ክንዱን ይዛ ልታቀናው ከደረጃው ብድግ አለች። አንድ እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ከተቀመጠችበት ሆና «ወደ ግራህ!» ብላ ጮኸችበት።