ከሞቀ ጎማ አየር አይቀነስም

ጎማ የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅ አየሩ ያብጥና ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በዛ ብለህ ካስተነፈስከው ጎማው ይላላና ሞተርህ ኩርባ ላይ ይዋልላል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ኦሬስቴ ነው፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ።

የእኔ ሞተር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋልል ግን ጥፋቱን የጣልኩት በራሴ ላይ ነበር። ወንድሜ ኢቮ ዛሬ በምወዳደርበት በዚሁ በአፔኒን ተራራ ዳገት ወድቆ እግሩን ካጣ ወዲህ ፈርቻለሁ አልኩ። በጣሊያን፣ በሮማኛ ምድር ከሞተር ጋር ያደገች ሴት ፈራች፤ ጉድ በሉ! የዛሬውን ውድድር ጨርሼ የተወዳዳሪነት ፈቃዴን ልመልስ ቆርጬ ነበር።

ጠዋት አራት ዲግሪ ነበር። አባቴ ዓይኔ እያየ ሁለቱንም ጎማ ሁለት ነጥብ አንድ ባር ላይ አደረገና በማሞቂያ ጨርቅ ጠቀለላቸው። «ሂጂ፣ ልብስሽን ልበሺ» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ስመለስ ጭጋግ ወርዶ ውድድሩ ዘግይቷል። አባቴ ማሞቂያውን አጥፍቶ ወሬ ሊጠይቅ ሄደ። ጎማዎቹ በደንብ ከቀዘቀዙ በኋላ፣ ሥራ ስፈታ መለኪያውን አነሳሁ። አንድ ነጥብ ስምንት። የፊቱም የኋላውም።

«ሌያርኮ፣ መለኪያህን እስቲ አውሰኝ!» አልኩት የጎረቤታችንን ድንኳን መካኒክ።

«የኦሬስቴ ልጅ መለኪያ ለመነች? ዓለም ሊያልቅ ነው በይኛ!» እያለ መጣ። የእሱም ያንኑ ቁጥር አሳየ። አየር የሚሞላባቸውን ቫልቮች ምራቅ ቀባቸው፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ሳቁ ጠፋ።

«ኒቬስ፣ ሁለት ጎማ ተማክሮ እኩል አይተነፍስም። ሰው ነው እንደሞቀ አየሩን የቀነሰልሽ።»

አባቴ ሲመለስ መለኪያውን እጄ ላይ አይቶ ቆመ።

«ቀዳዳ... ቀዳዳ ይኖረው ይሆናል።»

«አባዬ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

«እንድትዘገዪ ብዬ ነው፣ እንድትወድቂ አይደለም! ይሄ ዳገት አንድ ልጄን ሰብሮብኛል። ሞተሩ ካስፈራት ትተወዋለች አልኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኢቮ ከወደቀ ጀምሮ።»

ሁለት ዓመት! ባለፈው ሰኔ መኪናው ውስጥ ደረቱ ላይ ተደፍቼ፣ «አባዬ፣ ለካ ፈሪ ነኝ» እያልኩ ስንሰቀሰቅ ፀጉሬን እየዳበሰ «መፍራት ነውር አይደለም፣ ልጄ» ብሎኛል። አንጀቴን ያቃጠለው ይህ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ፓምፑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቀደምኩት።

«እንዳትነካው።»

ሁለቱንም ጎማ ራሴ ነፋሁ። ሦስት ጊዜ ለካሁ።

«ይቅር በይኝና ሂጂ፣ ልጄ» አለ። ሄልሜቴን አጠለቅኩ።

ኢቮ በወደቀበት ኩርባ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። የራሴን ሰዓት በዘጠኝ ሰከንድ አሻሽዬ ገባሁ። ወደ ታች ስመለስ አባቴ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ እያለቀሰ ጠበቀኝ። በአጠገቡ አልፌ ሌያርኮ ድንኳን ፊት ቆምኩ።

«ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ጎማዬን የምትለካው አንተ ነህ» አልኩት፣ አባቴ እየሰማ።