ካሲልዳ የተባለው ዘፈን

«ከሞተች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ዛሬ በዘፈኗ ካልሸኘናት ነውር ነው!» አለ ቬንሰስላኦ፣ ጊታሩን ከትከሻው እያወረደ።

«ይቅር» አለ ፊደንሲዮ።

«እንዴት ይቅር? ገጣሚው አንተ፣ ባለ ስሟ እህትህ! በዚህ ወንዝ ዳር በስሟ ፊልም የተሠራላት ሌላ ሴት አለች እንዴ?»

ፊደንሲዮ ፊቱን ከጊታሩ አዞረ። እህቱ ካሲልዳ ከሞተች ጀምሮ ሰዉ እየመጣ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ እጁን ጨብጦ ስለ ዘፈኑ ያመሰግነዋል። ሟቿን ስምንት ዓመት ያስታመመቻት የወንድማቸው ልጅ ኒንፋ ግን ቡና ስታቀርብለት ቀና ብላ አታየውም።

ከጀርባው ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ግን እውነት ለሚያፏጭ ሁሉ ትከፍት ነበር?»

«ተይ እንጂ፣ ዘጠኝ ቀኗ እንኳ ሳይወጣ!»

«እኔ ምን አልኩ? ዘፈኑ ነው ያለው።»

ፊደንሲዮ ቡናውን ሳይጨርስ ኩባያውን አስቀመጠ።

ካሲልዳ አስተማሪ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ወደ ዋና ከተማው ሄዶ ያንን ዘፈን አወጣ። በዘፈኑ ካሲልዳ የምትባል ሴት፣ በመስኮቷ ሥር ላፏጨ ወንድ ሁሉ ትከፍታለች። በዓመቱ ፊልሙ መጣ። ተማሪዎቿ ክፍል ስትገባ ማፏጨት ጀመሩ። እጮኛዋ፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ ቀለበቱን በእናቱ እጅ አስመለሰ። እሷም ማስተማሩን ትታ በሯን ዘግታ ልብስ ስትሰፋ ኖረች።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው።

«ስሜን ለምን?»

«ቤት እንዲመታልኝ ነው።»

«መታልህ» አለችው። «የኔን ቤት።»

ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። በየገናው ሹራብ ትልክለት ነበር።

ቬንሰስላኦ ክሩን ቃኝቶ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲጀምር ፊደንሲዮ ተነስቶ የጊታሩን ክር በመዳፉ አፈነው።

«የሚያፏጨው እኔ ነበርኩ» አለ።

«ምን?»

«አባቴ ጠጥቼ ስገባ በቀበቶ ይገርፈኝ ነበር። በመስኮቷ ሥር ሳፏጭ ከፍታ ትጎትተኛለች። ትውኪያዬን ትጠርግና ‹ከመሸ ጀምሮ ተኝቷል› ትለዋለች። ሌላ ወንድ በዚያ መስኮት ገብቶ አያውቅም።»

 ካንሾካሾኩት ሴቶች አንዷ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች።

«ታዲያ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልክ?» አለ ቬንሰስላኦ።

«ሰዉ ወደደዋ። እኔንም ወደደኝ።»

ኒንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «አክስቴ አንድ ቃል ብትናገር እኮ ይበቃ ነበር።»

«ብትናገር የማፍረው እኔ ነኛ።»

«እና እሷ ትፈር?»

 ቬንሰስላኦ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ጸሎት መሪዋ አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሬሳው አርፎበት በነበረው ወለል ላይ በነጭ ኖራ የተሠራው መስቀል የሚነሳበት ሰዓት ደርሷል፤ ኖራው ተሰብስቦ ወደ መቃብሩ ይሄዳል።

«የመስቀሉን ራስጌ የሚያነሳው ወንድም ነው» አሉት።

ፊደንሲዮ ራስጌውን አልፎ ወደ ግርጌው ሄደ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ።

ኒንፋ መጥረጊያውን ዘረጋችለት። ራሱን ነቀነቀና በባዶ መዳፉ ይዝቅ ጀመር። ሌሎቹ የየድርሻቸውን አንስተው ሲቆሙ እሱ ገና አልተነሳም፤ በሸክላው ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኖራ በጥፍሩ ይፈለቅቃል።