ስድስተኛዋ ማንኪያ

አውቶቡሱ ገና ሙዚየሙ በር ላይ ሳይቆም ጋሽ ብሎን ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ አርባ ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣም ስሙ አብሮት ወጣ። የድሮ መኪኖችን ሊያይ ነው ከተባለ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ጠዋት ሚስቱንና ልጁን ከማዋከቡ የተነሳ ልጁ ጫማዋን ያሰረችው መንገድ ላይ ነው።

"አባዬ፣ መኪኖቹ እኮ የቆሙ ናቸው፤ ጥለውህ አይሄዱም" አለችው።

ጆሮም አልሰጣት። እንደገባ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይከንፍ ጀመር፤ የዚህን ፓራፋንጎ፣ የዚያን መሪ እያየ "አቤት! አቤት!" ይላል። ሚስቱ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላው ትከተላለች።

"ደረጃ መውጣት አቃተኝ የምትለው በዚሁ ጉልበትህ ነው?"

አዳራሹ ጥግ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንዲት ሰማያዊ መኪና ቆማለች፤ የግራ በሯ ላይ እሱ የሚያውቃት የድሮ ጭረት አለች።

"እሷ ናት! የሙሽሮቹ መኪና!"

ልጁ ሳቀች። ሙሽሮች እንደያዘች ጋራዡ በር ላይ የተበላሸችውን መኪና በአሥር ደቂቃ አስነሳኋት የሚለውን ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ አንድም ቀን ግን አላመነችውም። አባቷ ያልጠገነው መኪና መች ኖሮ ያውቃል!

"አባባ፣ ይቺን እንኳ የማንም መካኒክ እጅ አልነካትም" አለ አስጎብኚው በትሕትና። "ሁሉም ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣች ነው።"

እጅ አልነካትም! የጋሽ ብሎን ደም ፈላ። "እስቲ ኮፈኑን..." ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ።

ያን ቀን የተሰበረውን የነዳጅ መስጫ ዘንግ የተካው ከምሳ ዕቃው ባወጣት ማንኪያ ነበር። አማቱ ለእሱና ለሚስቱ ሠርግ ከሰጧቸው ስድስት ባለ አበባ ማንኪያዎች አንዷ ናት፤ ለእንግዳ ካልሆነ ከሳጥን አይወጡም። ሌላ ማንኪያ ቢያጣ ሚስቱ ሳታየው ይዟት ወጣ። በዚያው ሳምንት እህቱ እነሱ ጋ ሰንብታ ነበርና፣ ማንኪያዋ ስትጠፋ ሚስቱ እህቱን ጠረጠረች። እሱም ነገሩ ይበርዳል ብሎ ዝም አለ። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እህቱ ስትመጣ ሻይዋ ማዕድ ቤት ተማስሎ ነው የሚቀርብላት። ማንኪያ አይቀርብላትም።

አሁንም ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ልጁ ግን ትስቃለች። መኪናዋም እፊቱ ቆማለች።

"ካርቡሬተሩ ጀርባ እይ!" አለ ጮክ ብሎ። "ማንኪያ አለች፤ ያጠፍኳት እኔ ነኝ!"

አስጎብኚው ደነገጠ። "ማንኪያ ናት እንዴ? እኛ እኮ የፋብሪካ ዕቃ መስላን፣ ስናወልቃት ሞተሩ እምቢ እያለን..." ኮፈኑን ከፈተው። ማንኪያዋ እጥፍ ብላ፣ እጀታዋ ላይ አበባዋ እንዳለች፣ ቦታዋ ላይ ናት።

"ውይ አባዬ! እውነትህን ነው!" ልጁ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አስጎብኚውም ቁልፉን አምጥቶ ሞተሩን አስነሳው። ጎብኚው ሁሉ አጨበጨበ፤ ጋሽ ብሎን በደስታ እንባው መጣ። እንባውን ሲጠርግ ሚስቱን አያት።

ሞተሩ ላይ አጎንብሳለች።

"የእናቴ ማንኪያ" አለች። አስጎብኚው ሞተሩን አጠፋው።

"እኔ እኮ... ነገሩ ይበርዳል ብዬ..."

"ልጄን አዝላ ያሳደገችልኝን ሴት ሌባ አደረግኋት።" ወደ ልጇ ዞረች። "ለአክስትሽ ደውይልኝ።"

ልጅቷ ደውላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። ሲጠራ ጋሽ ብሎን እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ፣ እኔ ልንገራት።"

ሚስቱ ስልኩን ወደ ደረቷ ሳበችው።

"የምነግራት እኔ ነኝ። አንተ ዝም በል፤ እሱን ታውቅበታለህ።"